የኡርጌሳ ቢጫ ባንዲራ

ውድ ኡርጌሳ፣

ፖስታውን ስትከፍት መጀመሪያ እጅህ ላይ የምትወድቀው ባንዲራህ ናት። አዎ፣ ያቺው ናት። ከሥራ ቦታ ከተቀደደ ቢጫ ሰደርያ ቆርጠህ፣ የመጥረጊያ እንጨት ስባሪ ላይ በስቴፕለር የመታሃት ባንዲራ። እንጨቱ ፖስታው ውስጥ አልገባ ስላለኝ ነቅዬዋለሁ፤ ጨርቋ ግን እንዳለች ናት፣ የሴንት አልባንስ ጭቃ ሳይቀር። መሰረት ሁለት ጊዜ ልታጥባት አንስታ ሁለቴም ጮኬባታለሁ። "የምን የተቀደሰ ጨርቅ ነው ደግሞ?" አለችኝ። ባለቤቴን ታውቃታለህ፣ መልስ ካላገኘች አትለቅም። እኔ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አልመለስኩላትም።

እንዴት ነህ ለመሆኑ? ፐርዝስ እንዴት ነው? ትልቁን የጭነት መኪና እንደምትነዳ፣ ሁለት ልጆች እንዳሉህ ሰምቻለሁ። አድራሻህን የሰጠኝ ሩቤል ነው። ያ በግራ እግሩ ጉድ የሚሠራው የዌሪቢው ልጅ አሁን ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ የቧንቧ ሥራ ላይ ነው። "ልስጥህ፤ ግን ጋሽ ነቢዩ፣ ላይመልስልህ ይችላል" አለኝ። "እሱ የራሱ ጉዳይ ነው" አልኩት።

ስልክ ብደውል ምናልባት ታነሳው ነበር። ግን ታውቀኛለህ፣ ነገሩ አፌ ላይ ሲደርስ ማድበስበስ እወዳለሁ። ስለ አየሩ አውርቼ፣ ስለ ልጆችህ ጠይቄ፣ "በል ሰላም ሁን" ብዬ እዘጋዋለሁ። ስጽፍ ግን ቢያንስ የሰረዝኩት ይታየኛል። ይኸው አሁንም ሦስተኛ ወረቀት ላይ ነኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ያ የአሜሪካ ፉትቦል ነው። ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ኤደን የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሆነ ሶፋው ላይ ተጋድማ ቻናል ስትቀያይር ድንገት ያ ጨዋታ ብቅ አለ። አንዱ ዳኛ ከወገቡ ቢጫ ጨርቅ መዝዞ ሜዳው ላይ ወረወረ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ሻዩ ከብርጭቆው አልፎ እጄ ላይ ፈሰሰ። ኤደን ቀና ብላ "ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ኤደንን መቼም የምታስታውሳት የአራት ዓመት ሕፃን ሆና ትከሻህ ላይ ተቀምጣ ነው። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ትረዝማለች። እሷን እመለስባታለሁ።

ትዝ ይልሃል መጀመሪያ ያየነው ቀን? ያኔ ሁለታችንም ዌሪቢ ያለው ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ አፍተርኑን ሺፍት ነበርን፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንገባው። ሰኞና ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሴንት አልባንስ ተነስቼ ዩኒትህ፣ ያቺ ጠባብ ቤትህ፣ እመጣለሁ። አንተ እንቁላል በቃሪያ ትጠብሳለህ፣ ያ የሚሸተው ሂተር ይንጫጫል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

"ይሄ ምን ጉድ ነው?" አልኩህ።

"ፉትቦል ነው።"

"በእጅ?"

"በእጅ።"

"ታዲያ እግሩስ?"

"ለመሮጫ" አልከኝ፣ ፊትህ ሳይፈታ።

የዚህ ከተማ ሰው በእጅ የሚጫወተው ፉቲ የሚሉት ኳስ አልበቃ ብሎን ሌላ በእጅ የሚጫወቱት ፉትቦል ጨመርን። ሕጉን ሁለታችንም አናውቀውም። አንተ ግን አለማወቅህን ማሳየት ሞትህ ነው። "አሁን ይሄ ለምን ቆመ?" ስልህ ጉሮሮህን ጠርገህ፣ ልክ ኒውዮርክ ተወልደህ እንዳደግክ ታስረዳኛለህ። ከሦስት ወር በኋላ ነው ግማሹን ከራስህ የፈጠርከው መሆኑን የደረስኩበት! ስነግርህ ደግሞ "የኔ ሕግ ይሻላል" አልክ። ኡርጌሳ ሙት፣ እስከ ዛሬ ያንን ጨዋታ ሳይ ያንተው ሕግ ነው የሚመጣብኝ።

ከዚያ ያ በፈረንጆቹ የ2012 መስከረም መጣ። እውነተኞቹ ዳኞች ከሊጉ ጋር በደመወዝና በጡረታ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተው ከሜዳ ውጭ ሆኑ፤ ሊጉም ከትናንሽ ኮሌጅና ከየቦታው ተተኪ ዳኞች ሰብስቦ አስገባ። አቤት የሳቅነው ሳቅ! ሕግ ይምታታባቸዋል፣ ተሰብስበው ይመካከራሉ፣ ተመካክረው ይለያያሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። ሕዝቡ ይጮሃል። አንተ እንቁላልህን ረስተህ "ምስኪኖች፣ ማን አምጥቶ እዚህ ጣላቸው!" ትላለህ። ከሁሉም የምታዝንላቸው አንተ ነበርክ።

ያቺን ማክሰኞ ግን መቼም አንረሳትም። የሲያትልና የግሪን ቤይ ጨዋታ፣ የመጨረሻዋ ኳስ። ወደ ሥራ ልንወጣ ጫማችንን አድርገን ቆመናል። ኳሷ ወደ ላይ ተወረወረች፣ ስድስት ሰባት ሰው አብሮ ዘለለ፣ ሁለቱ፣ አንድ አጥቂና አንድ ተከላካይ፣ ኳሷን ተቃቅፈው ወደቁ። ሁለት ዳኞች ሮጠው ደረሱ። አንዱ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ፣ ነጥብ ነው ማለቱ ነው። ሌላው እጆቹን ከራሱ በላይ አወራጨ፣ አይደለም ማለቱ ነው። አንድ ኳስ፣ ሁለት ዳኛ፣ ሁለት ፍርድ! በቪዲዮ አይተውትም የመጀመሪያው ጸደቀ። እኔ "ሁለቱም ይዘዋታል፣ እኩል ሲሆን ለአጥቂ ነው" አልኩ። አንተ ጣራ ነካህ። "ዓይን የለህም? መጀመሪያ ደረቱ ላይ ያሳረፋት ማነው?" መኪና ውስጥም፣ ፓርኪንግ ውስጥም፣ ካርዳችንን ስንመታም ስንጨቃጨቅ ሰዓት አለፈብን። ሱፐርቫይዘሩ የግድግዳውን ሰዓት በጣቱ አሳየን።

በሻይ ዕረፍት ላይ ነው ያንን ያልከኝ። የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍትህን አቁመህ፣ የእንጨት ፓሌት ላይ ተቀምጠህ። "ነቢ፣ ዳኛ ቢሳሳት አልናደድም። እኔም ፎርክሊፍት ይዤ ግድግዳ መትቻለሁ። ግን አይቶ አላየሁም ካለ፣ እሱ በቃ ዳኛ አይደለም።" እኔም "ልክ ነህ" አልኩህ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩህ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየሁበትም።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልምጣ። ስሸሸው ቆይቻለሁ፤ ሳታስተውል አልቀረህም።

የእኛው ማኅበረሰብ እግር ኳስ፣ የምዕራብ ሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሴንት አልባንስ ከዌሪቢ። በግማሽ ፍጻሜው ዕለት የእኛው ሰዎች ያንን ምስኪን ዳኛ እየተሳደቡ እስከ መኪናው ተከትለውት፣ አንዱ የውኃ ጠርሙስ ወርውሮበት ስለነበር ዳኞቹ "ከእንግዲህ እናንተ ዘንድ አንደርስም" ብለው ቀሩ። ምን አጠፉ? ኮሚቴው ቢለምን፣ ቢያስለምን፣ አንድም ዳኛ ጠፋ። ዓርብ ዕለት ጋሼ ወልዴ ደወሉልኝ። "እናንተ ሁለታችሁ ስለ አሜሪካ ዳኞች ስትጨቃጨቁ ሰው ጆሮ አደነቆራችሁ አሉ። በሉ ኑና እናንተ ዳኙ።" ስነግርህ ሳቅህ ቤቱን ሞላው። "ተተኪ ዳኛ ሆንን በለኝ!" አልክ። በዚያው ቀን ነው ሰደርያውን ቀደህ ባንዲራዋን የሠራሃት። ፊሽካው ለእኔ፣ መስመሩ ለአንተ።

ጋሼ ወልዴ ለእኔ ማን እንደሆኑ ታውቃለህ፤ ግን ዛሬ ከእኔ ስማው። ከናይሮቢ ስመጣ ቱላማሪን አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው የጠበቁኝ እሳቸው ናቸው። ጓሮ ባለችው የአንድ ክፍል ባንጋሎ ስምንት ወር አኖሩኝ። የመንግሥት ድጎማ ቢሮው ሴንተርሊንክ የወሰዱኝ፣ ባቡር መሳፈር ያስተማሩኝ፣ ሠርጌ ላይ እንደ አባት የቆሙልኝ እሳቸው። እና ደግሞ የሴንት አልባንስ ቡድን ፕሬዚዳንት እሳቸው ነበሩ። ዋንጫ በልተው አያውቁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ማሊያውን እቤታቸው እያጠቡ፣ ልጆቹን በመኪናቸው እያመላለሱ፣ አንድም ዋንጫ የለም። ቅዳሜ ዕለት ምንም አላሉኝም እኮ። "ደህና እደር" ነው ያሉኝ። እኔ ነኝ ከ"ደህና እደር" ውስጥ ሌላ ነገር የሰማሁት።

ጠዋት ዘንቦ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሜዳው ላይ መጣን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን በኮት ላይ ደርበው፣ ነፋሱ ኮፍያ እየነጠቀ። የጎሉ አፍ ጭቃ ብቻ ነው፣ መስመሩ በኖራ ነው የተሰመረው። መረብ እንኳ አልነበረውም። አንድ ለአንድ ሆነው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ቀረው። ከዚያ ሩቤል በግራው መታት።

አግዳሚውን ከታች መታችና ቁልቁል ወረደች። እኔ ከአምስት ሜትር አልርቅም። ኡርጌሳ፣ ከመስመሩ ወዲያ ነው የወደቀችው። አንድ ክንድ ያህል ገብታ። ጭቃው ላይ እንደ ሳህን ክብ ምልክት አትማ፣ ተሽከርክራ ወደ ውጭ ነጠረች። በረኛው አንስቶ ወደ ፊት ለጋት። አንተ ከኮርነሩ ጋ በመስመሩ ልክ ቆመህ ባንዲራህን ሰቀልክ። ክንድህ ቀጥ ብሎ። እኔ ፊሽካውን ከንፈሬ ላይ እንደያዝኩ ቀና ስል ከጎሉ ጀርባ ጋሼ ወልዴ ቆመዋል። ያ ጥቁር ካፖርታቸው፣ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ። እኔን ነበር የሚያዩኝ።

ፊሽካው አልነፋ አለኝ። ምን ብዬ ልነፋ? ከእሳቸው ባንጋሎ ወጥቼ፣ በእሳቸው እጅ ተድሬ፣ በእሳቸው ላይ ጎል? ይሉኝታ ያዘኝ። በእጄ "ቀጥሉ" አልኩ።

ይህንን እስካሁን ገምተኸው ይሆናል። የሚቀጥለውን ግን አታውቅም፣ ማንም አያውቅም ብዬ ነበር የምኖረው። ተጫዋቾቹ ሁሉ ኳሷን ተከትለው ወደ መሐል ሮጡ። እኔም መሮጥ ነበረብኝ፤ ዳኛ ነኝ። አልሮጥኩም። በጎሉ አፍ በኩል ዞሬ አለፍኩ። ያንን ምልክት በጫማዬ ረገጥኩት። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ፣ ተረከዜን አዙሬ። ከዚያ ነው የሮጥኩት። ኳሷ ውጭ ወጥታ ዌሪቢዎች እየጮሁ ወደ ጎሉ ሲመለሱ፣ "ምልክቱን እንይ!" ሲሉ፣ ያገኙት የጫማ ዱካ ብቻ ነው።

አንተ ባንዲራህን አላወረድክም። ወደ አንተ መጣሁ፣ የመስመር ዳኛውን የማማክር መስዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ገብቷል" አልከኝ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ነቢ፣ አንተ እላዩ ላይ ነበርክ። ገብቷል።"

"አይ፣ ጨዋታው ይቀጥላል" አልኩህ።

ከኋላ አንዱ ጮኸ። "ለወገኖቹ ነው ያነሳው!" ሌላው ተቀበለው፣ ሦስተኛው ጨመረበት። ሁለት ሦስት የኦሮሞ ልጆች ዌሪቢ ውስጥ ስላሉ ነው እንግዲህ። ጎሉን ያገባው ሩቤል የጎንደር ልጅ መሆኑን ማን አስታወሰ? በየክርስትናው በየሠርጉ ወንበር የምትሸከም፣ የሁሉንም ሰው ዕቃ በእሑድ ቀን የምታጓጉዝ አንተ መሆንህን ማን አስታወሰ? እኔ አስታውሼ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። "ዝም በሉ፣ እሱ ያየውን ነው ያነሳው" ብል። ፊትህ ላይ የሆነውን አየሁት። መጀመሪያ ወደ ሰዎቹ ዞርክ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞርክ፣ ጠበቅከኝ። ስትጠብቀኝ ጫማዬን አየሁ።

ያኔ ባንዲራዋን ወረወርካት። ልክ እንደዚያ እንደምናያቸው ዳኞች፣ ጥፋት ሲያዩ እንደሚወረውሩት፣ እግሬ ሥር። ከሜዳው ወጣህ። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሳኋት፣ ኪሴ ከተትኳት፣ ፊሽካ ነፋሁ። ሴንት አልባንስ በመለያ ፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። ጋሼ ወልዴ ዋንጫውን ሲቀበሉ ፈገግ አላሉም። ዕድሜ ነው፣ ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

የእኛ ሰው ደግሞ መቼም ሽማግሌ አያጣም። በሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን፤ ጋሼ ስዩም፣ ሌሎች ሁለት አባቶች፣ ጋሼ ወልዴም ጥግ ላይ። ስንት ትዳር፣ ስንት ርስት ያስታረቁ ሰዎች ጎል ሊያስታርቁ ተቀመጡ! ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

"ለኳስ ብላችሁ ወንድማማቾች እንዴት ትኮራረፋላችሁ? በሉ ተነሱና ይቅር ተባባሉ" አሉ ጋሼ ስዩም።

አንተ ከወንበርህ ተነሳህ፣ እጅህን አጣምረህ ቆምክ። "አባቶች፣ አክብሬ ነው የመጣሁት። እኔ ይቅርታ አልፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቀው።"

"ጥያቄው ይቅር ልጄ። ጥያቄ ነገር ያበዛል።"

"አንዲት ብቻ ናት።" ወደ እኔ ዞርክ። "ነቢ፣ ገብቷል፣ አልገባም?"

እኔም "አላየሁም" አልኩ። አልገባም እንኳ አላልኩም፣ ለውሸትም ወኔ አጣሁ። አላየሁም! ሽማግሌዎቹ "ይኸው፣ አላየም፣ ሰው ነው" ብለው ደስ አላቸው፣ አነሱን፣ አሳሳሙን። ጉንጭህ ቀዝቃዛ ነበር። በጆሮዬ "እሺ" አልከኝ። ከአንተ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሞርኒንግ ሺፍት ተቀየርክ። በበሩ ስገባ አንተ ትወጣለህ፣ ራስህን ነቅነቅ አድርገህ ሰላም ትለኛለህ፤ ነውር እንዳይሆን ያህል። የገና በዓል ሳይደርስ ፐርዝ ሄደ አሉኝ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሁለቴ በዩኒትህ በኩል በመኪና አልፌ አውቃለሁ። መጋረጃው ተቀይሮ ነበር። ቤት ገዝተን ፖይንት ኩክ ገባን፣ ሰንደይ ሺፍት ያዝኩ፣ ኤደን አደገች። ሴንት አልባንስ ደግሞ ያ ባቡር እስኪያልፍ ቆመን የምንጠብቅበት ማቋረጫ የለም፤ ባቡሩ አሁን ከሥር ነው የሚያልፈው። ያንተ ቀልድ ግማሹ እዚያ ማቋረጫ ላይ ነው የቀረው። ባቡሩ ይሄዳል፣ እንጨቱ ይነሳል፣ ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ያደርጋል፣ አንተ ቀልዱን ሳትጨርስ አትነቃነቅም። ናፍቀኸኛል። ይኸው አልኩት።

ስለ ኤደን እመለሳለሁ ብዬህ ነበር። አምና የዳኝነት ኮርስ ወሰደች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሕፃናት ጨዋታ ታጫውታለች። ወላጅ ሲጮህባት ቅንጣት አትደነግጥም፤ በማን እንደወጣች አላውቅም። ያን ሰኞ ሻዩን ከእጄ እየጠረግኩ "እኔም እኮ አንድ ቀን ዳኝቼ አውቃለሁ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ። ባንዲራዋን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አሳየኋት። ስለ አንተ፣ ስለዚያ እሑድ ነገርኳት፤ ሽማግሌዎቹ ፊት እንደተናገርኩት አድርጌ፣ ሳላየው እንዳለፈ። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። "ሶ፣ ገብቷል ወይስ አልገባም?"

ያንተኑ ጥያቄ፣ ቃል በቃል።

"ገብቷል" አልኳት። ድምፄን ራሴው አላውቀውም። ምልክቱን እንዴት እንደረገጥኩትም ነገርኳት። ልጅ ለአባቷ ሰበብ ትፈልጋለች ብዬ ጠበቅኩ። ባንዲራዋን እንጨቷ ላይ ጠቅልላ መልሳ እጄ ላይ አኖረችልኝና "ለእኔ አይደለም መናገር ያለብህ" አለችኝ፣ በአማርኛ። ጥያቄዬን ሁሉ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ይህቺን በአማርኛ አለችኝ።

ከአንተ በፊት ግን ጋሼ ወልዴ ጋ መሄድ ነበረብኝ። ለእሳቸው ብዬ ያደረግኩትን ሳይሰሙ ለአንተ ብጽፍ እሳቸውን ማማት መሰለኝ። ሐሙስ ሄድኩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ያቺው ቤት፣ ያቺው የሎሚ ዛፍ፣ ባንጋሎዋ የአሮጌ ማሊያ ማስቀመጫ ሆናለች። ከወንበራቸው አልተነሱም፣ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ቁጭ ብዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፣ የተኙ መስሎኝ ነበር።

"ጨረስክ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እኔ ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ፣ አይቼዎታለሁ።"

"አላየኸኝም። ከጎሉ ጀርባ ነበርኩ እኮ ነው የምልህ! ኳሷ ስትወድቅ አይቻለሁ። በጫማህ ስትረግጠውም አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አሉ?" አልኳቸው፤ እንደ መቆጣትም ቃጣኝ፣ አፍሬ ሳልጨርስ።

"ለእኔ ብለህ መሆኑ ገባኛ። ለእኔ ብሎ የወደቀን ልጅ በአደባባይ ላዋርደው? ነውር መሰለኝ። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ ስጠብቅህ..." ዓይናቸውን ገለጡ። "ደግሞስ ባንጋሎ ሰጠሁህ እንጂ ዓይንህን ስጠኝ አልኩህ?"

አለቀስኩ ኡርጌሳ። በዚህ ዕድሜዬ።

"እኔና አንተ ስንተፋፈር ያ ልጅ አገር ለቀቀ" አሉኝ። ቀጥለውም "በቃልህ አትተወው፣ ጻፍለት። እኔም ምስክር ሆኜ እፈርማለሁ" አሉ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ይቅርታ አልጠይቅህም። ያኔ አዳራሽ ውስጥ ይቅርታ አልፈልግም ብለሃል፤ አንድ ጥያቄ ነበር የጠየቅከኝ፣ መልሱን ከታች ታገኘዋለህ። የተሰደብከው በሰው ፊት ስለሆነ በደብዳቤ ብቻ አይበቃም። በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ የዘንድሮው ፍጻሜ ነው፣ ዋና ዳኛዋ ኤደን ናት። ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት ማይኩን ተቀብዬ ይህንኑ ለሁሉም አነብላቸዋለሁ፤ ከኮሚቴው ጋር ጨርሻለሁ። የጮኹት ሰዎች ግማሾቹ አሁንም ይመጣሉ፣ ቡና ቤት ሰላም የምላቸው ናቸው። ይስሙት። ጋሼ ወልዴን ወንበራቸውን ይዤ ከጎሉ ጀርባ አስቀምጣቸዋለሁ።

ና አልልህም፣ እሱን የማለት መብት የለኝም። ከመጣህ ግን ቱላማሪን ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ በስንት ሰዓትም ቢሆን። ካልመጣህ ከታች ፈርመህ ላክልኝ። መፈረምም ካልፈለግክ እሺ። ባንዲራዋ ግን ያንተ ናት፤ ድሮም መውረድ አልነበረባትም።

የጨዋታ ሪፖርት፣ የምዕራብ ሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ፦

ዌሪቢ ሁለት፣ ሴንት አልባንስ አንድ። ሁለተኛውን ጎል ሩቤል በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ አስቆጥሯል። ኳሷ መስመሩን ሙሉ በሙሉ አልፋለች። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ትክክል ነበር። ዋና ዳኛው አይቷል።

ዋና ዳኛ፦ ነቢዩ

ምስክር፦ ወልዴ (እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ነው እንጂ የራሳቸው ፊርማ ነው)

የመስመር ዳኛ፦ ኡርጌሳ ...........................